ዝኩኒ እንደ ዱባ የማይቆየው ለምንድን ነው?

ጥያቄ፦ ዱባ ደረቅና ነፋሻማ ቦታ ሲቀመጥ ለወራት ሳይበላሽ ይቆያል። የዱባ ዘመድ የሆነው ዝኩኒ ግን አጥቤ ማቀዝቀዣ ውስጥ ባስቀምጠውም በጥቂት ቀናት ይለሰልሳል፣ ቆዳውም ይሰረጉዳል። ስህተቴ ምን ላይ ነው? የዝኩኒ ዓይነቶችስ በአያያዝ ይለያያሉ?

መልስ፦ ልዩነቱ የሚመጣው ከዝምድናቸው ሳይሆን ከሚቀጠፉበት ጊዜ ነው። ዱባ የሚለቀመው በስሎ፣ ቆዳው ጠንክሮ ውስጡን መጠበቅ ሲችል ሲሆን፣ ዝኩኒ ግን አበባው በተከፈተ በጥቂት ቀናት ውስጥ፣ ፍሬው ገና እንጭጭ ሳለ ስለሚቀጠፍ ስስ ቆዳው ውኃውን በቶሎ ያስወጣል። ስለዚህ አያያዙን ከዱባ ይልቅ ከቅጠላ ቅጠል ጋር ቢያመሳስሉት ይሻላል።

ዋናው ስህተት አስቀድሞ ማጠቡ ይመስለኛል፤ በቆዳው ላይ የሚቀር እርጥበት መበስበስን ያፋጥናልና የሚታጠበው ሊሠራ ሲል ብቻ ነው። ቆዳው የሚሰረጉደው ደግሞ ብርዱ ሲበዛበት ነው። ዝኩኒ የሚስማማው ከ5 እስከ 10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲሆን፣ ከዚያ በታች ለቀናት ሲቆይ ይጎዳል። ስለሆነም ቀዳዳ ባለው ላስቲክ አድርገው በማቀዝቀዣው የአትክልት መሳቢያ ውስጥ ያስቀምጡት፤ እንዲህ ሲያዝ እስከ አንድ ሳምንት ይቆያል። እንደ ሙዝና ፖም ያሉ ፍራፍሬዎች የሚያወጡት ኤትሊን የተባለ ጋዝ አረንጓዴውን ቶሎ ስለሚያስረጀው አጠገባቸው አያኑሩት።

ዓይነቶቹን በተመለከተ፣ ረጅሙ አረንጓዴ፣ ቢጫው፣ ፈዛዛ አረንጓዴ ሆኖ አጠር ወፈር ያለው፣ አንገቱ የተቆለመመው ቢጫ እና ጠርዙ የተሸነሸነው ጠፍጣፋ ሁሉም ስስ ቆዳ ስላላቸው አያያዛቸው አንድ ነው። ከዓይነቱ ይልቅ መጠኑን ይመልከቱ፦ ረጅሙ ዝኩኒ ከ15 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ሲደርስ ለጋ ነው፤ እጅግ ሲተልቅ ሥጋው ይሻክራል፣ በውስጡ ያለው ዘርም ይጠነክራል።

ለወራት ማቆየት ከፈለጉ፣ ቆራርጠው በሚፈላ ውኃ ውስጥ ለ3 ደቂቃ ይንከሩትና ወዲያው በረዶ ባለበት ውኃ ያቀዝቅዙት። ውኃውን በደንብ አጥልለው በ18 ዲግሪ ከዜሮ በታች ያስቀምጡት። በረዶው ሲቀልጥ መለስለሱ አይቀርም፤ ስለዚህ ለጥብስ ሳይሆን ለሾርባና ለወጥ ያውሉት።