የሚያብረቀርቀው ወደ ውስጥ ነው ወደ ውጭ?

ጥያቄ፦ እንደምን ከረማችሁ? እንግዳ ስለሚመጣብኝ የበግ ታፋ በፎይል ጠቅልዬ ኦቭን ውስጥ ልጠብስ አስቤያለሁ። አማቴ «የሚያብረቀርቀው ወደ ውስጥ ይሁን፣ ሙቀት ይይዛል» ይላሉ። ጎረቤቴ ደግሞ «እሱ ጎን ምግብ ከነካ መርዝ ነው» ትለኛለች። ስቡስ ወደ ላይ ነው ወደ ታች? እባካችሁ ገላግሉኝ።
ከጅማ፣ ሂርማታ

መልስ፦ እህቴ፣ የፎይሉን ነገር እርግፍ አድርገሽ ተይው። በየትኛውም ጎን ብትጠቀልይው ሥጋው እኩል ይበስላል። የጎኖቹ ልዩነት ከፋብሪካ የመጣ ነው። አሉሚኒየሙን በብረት ሲሊንደሮች መሀል ደጋግመው እያሳለፉ ያሳሱታል፣ መጨረሻ ላይ ግን በጣም ስለሚሳሳ ብቻውን እንዳይቀደድ ሁለቱን ደርበው ያሳልፉታል። ብረቱን የነካው ፊት ያብረቀርቃል፣ እርስ በርስ የተነካካው ይፈዛል። በቃ፣ ይኸው ነው። ምግብ እንዳይጣበቅበት ተብሎ የተቀባ ፎይል ከገዛሽ ብቻ የትኛው ጎን ምግቡን እንደሚነካ ካርቶኑ ላይ አንብቢ።

ጎረቤትሽም ቢሆን ዝም ብላ ከመሬት ተነስታ አልፈራችም። ሎሚ፣ ቲማቲም፣ ኮምጣጤና ጨው አሉሚኒየም ይበላሉ፣ በሁለቱም ጎን። ሥጋውን በሎሚና በጨው አሽተሽ በፎይል ጠቅልለሽ ብታሳድሪው ጠዋት ፎይሉ በመርፌ የተወጋ መስሎ ልታገኚው ትችያለሽ። ስለዚህ ማሳደሪያው ክዳን ያለው የሸክላ ወይም የብርጭቆ ዕቃ ይሁን፣ ፎይሉ ኦቭን ውስጥ ልትከቺው ስትይ ይምጣ።

አሁን ወደ ስቡ። ብዙ ሰው ስቡ ቀልጦ ሥጋው ውስጥ ይሰርጋል ብሎ ያምናል። አይሰርግም። ሥጋ ሲሞቅ ይኮማተርና ውሃውን ወደ ውጭ ይገፋል እንጂ ስብ ወደ ውስጥ አይስብም፣ የቀለጠው ስብ በላዩ ላይ እየወረደ ትሪው ላይ ይጠራቀማል። የስቡ ትልቁ ጥቅም ሥጋውን ከኃይለኛ ሙቀት መከለል ነው። እኔ ስለዚህ መጀመሪያ የማየው እሳቱ ከየት በኩል እንደሚመጣ ነው። ከሰል ላይ ከሆነ ሙቀቱ ከታች ስለሆነ ስቡ ወደ ታች ይዞራል፣ ግን ጮማው ሲንጠባጠብ እሳቱ ቦግ ይልና ሥጋው በጥቀርሻ ይጠቁራል፣ ፍሙን ወደ ዳር ገፋ ማድረግ ያስፈልጋል። ላንቺ ኦቭን ግን ስቡን ወደ ላይ አድርጊው፣ ምክንያቱም ፎይሉን በኋላ ስትከፍቺው ቡናማ ሆኖ የሚጠበሰው ላዩ ነው።

ስትጠቀልይው ወደ ላይ መሆን ያለበት ሌላው ነገር የፎይሉ መጋጠሚያ ነው። ከታች ከሆነ መረቁ ሁሉ ፈሶ ያልቃል። መጋጠሚያውን ድርብ አድርገሽ እጠፊው፣ ውስጡ ግን በሥጋውና በፎይሉ መሀል ትንሽ ክፍተት ተይለት።

ፎይል ውስጥ ያለ ሥጋ በእንፋሎት ነው የሚበስለው። ጅማ ደግሞ ከባሕር ወለል በላይ ከ1,700 ሜትር በላይ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው በ94 ዲግሪ አካባቢ ነው። ኢንተርኔት ላይ ያገኘሽው ሰዓት ብዙውን ጊዜ ለዝቅተኛ ቦታ የተጻፈ ስለሆነ አትመኚው፣ እንግዶቹ ከሚመጡበት ሰዓት በደንብ ቀደም ብለሽ ጀምሪ። ኦቭኑን 160 ዲግሪ ላይ አድርጊው። ቢላ ስትወጊው ሳይታገልሽ ከገባ ፎይሉን ክፈቺ፣ ግን ፊትሽን ዞር አድርገሽ፣ እንፋሎቱ ያቃጥላል። ከዚያ ሙቀቱን ጨምረሽ ስቡ ቡናማ እስኪሆን ጠብቂ። አውጥተሽ ወዲያው አትቁረጪው፣ 15 ደቂቃ ያህል ይረፍ፣ አለበለዚያ መረቁ መክተፊያው ላይ ይቀራል።