አንድ ፊደል፣ ሁለት ስም

ልጆቼ፣ ስለ ሙያዬ ጠይቃችሁኛል። የኮሪያን ዘመናዊ ሥነ ጽሑፍ ሙያዬ ብዬ ስናገር የአገሬ ሰው ቶሎ የሚያነሣልኝ ቃኘው ሻለቃን ነው። ክብራቸው የተጠበቀ ይሁንና፣ እኔ ዕድሜዬን የፈጀሁት እነርሱ ከመዝመታቸው በፊት በነበረው ዘመን፣ ጃፓን ኮሪያን በገዛችባቸው ከ1910 እስከ 1945 (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር) ባሉት ዓመታት ላይ ነው።

ኮሪያኛ ስትማሩ ጃፓንኛን አትናቁ። እኔ ንቄው ነበር። የተገዢን ልብ ለማወቅ የገዢ ቋንቋ ምን ያደርግልኛል ብዬ! በኋላ የኮሪያዊውን ደራሲ የኪም ሳ ሪያንግን አጭር ልቦለድ አገኘሁ። በ1939 በጃፓንኛ የወጣ፣ አኩታጋዋ ለተባለው የጃፓን የሥነ ጽሑፍ ሽልማት የታጨ ሥራ ነው። ተራኪው ቶኪዮ ውስጥ ልጆች የሚያስተምር ኮሪያዊ ሲሆን የቤተሰብ ስሙ ናም ነው። ተማሪዎቹ ግን ሚናሚ ይሉታል። ስሙ የሚጻፍበት የቻይና ፊደል ያው አንድ ነው፤ ኮሪያዊ ናም ብሎ ያነበዋል፣ ጃፓናዊ ሚናሚ። መምህሩ አያርማቸውም። በትርጉም ሳነበው ይህን ዝምታ ሳላየው አልፌው ነበር።

ሌላው ጥፋቴ ችኮላ ነው። ደራሲው ዪ ክዋንግ ሱ በ1919 ቶኪዮ የነበሩ ኮሪያውያን ተማሪዎችን የነጻነት መግለጫ ያረቀቀ ሰው ነው። በ1940 ስሙን ወደ ጃፓንኛ ለወጠ፤ ቆይቶም ወጣቶች ለጃፓን ጦር እንዲዘምቱ ቀሰቀሰ። እኔ ከአምስቱ ዓመት የወረስነውን «ባንዳ» የሚል ቃል ይዤ አንድ ሙሉ ምዕራፍ ጻፍኩበት። መምህሬ ጽሑፉን መለሱልኝና፣ «ይህን ፖሊስም ያውቀዋል፤ ልቦለዱስ ምን ይላል?» አሉኝ። አፈርኩ። የኮሪያ የመጀመሪያው ዘመናዊ ልቦለድ የሚባለው የእርሱ «ሙጆንግ» በ1917 በተከታታይ የወጣው በቅኝ ገዢው መንግሥት ልሳን ጋዜጣ ላይ መሆኑን እንኳ አላጤንኩም ነበር። በጃፓን አገዛዝ ሥር ኮሪያውያን የራሳቸውን ዕለታዊ ጋዜጦች ያቋቋሙት በ1920 ነው። ታዲያ ከዚያ በፊት የሚጽፍ ሰው የት ይጻፍ? ሰውዬው ባንዳ አልነበረም አልላችሁም፤ ነበር። ግን ቃሉን ከንባቡ አስቀድሜው ነበር።

ስለ ደመወዝ ጠይቃችኋል። ቀጭን ነው፤ ቦታውም ጥቂት።

አሮጌ እትም ባገኛችሁ ቁጥር ግን ግዙ። ወደ ሰሜን ሄደዋል የተባሉ ደራስያን ሥራ በደቡብ ኮሪያ እስከ 1988 ድረስ ታግዶ ስለነበር፣ ተመራማሪዎች ስማቸውን የሚጠቅሱት አንዱን ፊደል አውጥተው በቦታው ክብ እያደረጉ ነበር። ባለቅኔው ቾንግ ጂ ዮንግ «ቾንግ ○ ዮንግ» ሆኖ ይታተም ነበር። እኔ ዘንድ ካለው ቅጂ ላይ፣ ማን እንደሆነ የማላውቀው አንባቢ ክቡ ውስጥ በእርሳስ «ጂ» ብሎ ጽፎበታል።