የአንባቢያን ጥያቄ፦ ልምምዱ በ115፣ ፈተናው በ147

ጥያቄ፦

ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። የምኖረው ስፕሪንግፊልድ፣ ቨርጂኒያ ነው። የታጠቀ ጥበቃ ሆኜ መሥራት ከጀመርኩ ሁለት ዓመት ሆኖኛል። በየዓመቱ ተኩሰን ማለፍ አለብን። ሽጉጤ 9 ሚሊሜትር ነው። ለልምምድ ርካሹን፣ አረሩ 115 ግሬን የሚመዝነውን ጥይት እገዛለሁ፤ መሥሪያ ቤቴ ለፈተናና ለሥራ የሚሰጠኝ ግን 147 ነው። ችግሬ፣ ጥይቶቼ ሁሌ ከመሀል ወደ ታችና ወደ ግራ ይሄዱብኛል። አንድ የሥራ ባልደረባዬ «አረሩ ቀሎህ ነው፣ ከባዱን ግዛ» አለኝ። ልክ ነው? ደግሞ በፋብሪካ ሳይሆን እሱ ራሱ ቤቱ ውስጥ ባሩድ የሞላውን ጥይት በግማሽ ዋጋ ልስጥህ ይለኛል። ልውሰድ?

ቀኝ እጅ ተኳሽ

መልስ፦

ወንድሜ፣ በመጀመሪያ ስለ ታችና ስለ ግራው እናውራ። በቤት ውስጥ ተኩስ ማለማመጃ ተቆጣጣሪ ሆኜ 11 ዓመት ሠርቻለሁ። በቀኝ እጁ የሚተኩስ ሰው ጥይቱ ታችና ግራ ሲሰበሰብ፣ አብዛኛውን ጊዜ ጉዳዩ ያለው ቃታው ላይ ነው። ጣትህ ቃታውን ሲስብ የቀሩት ጣቶችህ አብረው ይጨብጣሉ። ወይም ድምፁንና ርግጫውን ቀድመህ ትፈራና ሽጉጡን ወደ ታች ትገፋዋለህ። ይህ ነውር የለውም። ሰውነት ራሱን ሲከላከል ነው።

ማረጋገጥ ትችላለህ። ባሩድ የሌለው የፕላስቲክ ጥይት ግዛ። የምታምነው ጓደኛህ ካዝናህን ይሙላልህ፤ አንድ ሁለቱን የፕላስቲክ ያድርጋቸውና የት እንዳሉ አይንገርህ። አንተ ዝም ብለህ ተኩስ። የፕላስቲኩ ሲደርስ ቃታው «ቀጭ» ብሎ ይቀራል፤ ጥይት አይወጣም። ያን ጊዜ አፈሙዙን እይ። ባለበት ከቆመ ጥሩ ነው። ወደ መሬት ሰገድ ካለ ግን መልሱን አገኘህ። አንድ ወጣት ይህንን ሲያይ ሽጉጡን ቀስ ብሎ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና እጁን አገላብጦ አየው። «እኔ ነኝ?» አለኝ። በአራተኛው ሳምንት ጥይቶቹ በቡና ሲኒ አፍ የሚሸፈን ቦታ ውስጥ ገቡ። ጥይት አልቀየረም። ያኔም 115 ነበር፣ መጀመሪያም 115።

አሁን ወደ ክብደቱ። ሳጥኑ ላይ ያለው ቁጥር የአረሩ ክብደት ነው፤ ባሩዱንና ቀለሁን አይጨምርም። ግሬን የሚባለው ልኬት የመጣው ከገብስ ቅንጣት ነው፤ አንድ ፓውንድ 7,000 ግሬን ይሆናል። በእኛ ሚዛን 115ቱ 7.5 ግራም፣ 124ቱ 8 ግራም፣ 147ቱ 9.5 ግራም ገደማ ናቸው። ጌኦርግ ሉገር እ.ኤ.አ. በ1902 ይህንን ጥይት ሲያወጣው አረሩ 8 ግራም ያህል ነበር። ስለዚህ መሀለኛው 124 የጥንቱ ነው ማለት ይቻላል።

ቀላሉ አረር በሰከንድ 350 ሜትር ገደማ ይበራል። ከባዱ 300 አካባቢ ነው። ድምፅ በአየር ላይ የሚሄደው በ343 ነውና፣ ቀላሉ ድምፅን ቀድሞ ስለሚሄድ ተጨማሪ የሰላ ጩኸት አለው። እጅ ላይ ደግሞ 115ቱ ነጠቅ ያደርጋል፣ 147ቱ ቀስ ብሎ ይገፋል። ብዙ ሰው የሁለተኛውን ይወዳል። እኔም እወደዋለሁ። ግን ከባዱ ርግጫው ያነሰ ነው ብለህ እንዳትሸወድ፤ የሚለየው አመጣጡ ነው።

የሚያርፍበት ቦታስ? ከባዱ ዝግ ስለሚል በርሜል ውስጥ ትንሽ ይቆያል። በዚያች ቅጽበት አፈሙዙ ወደ ላይ መነሳት ጀምሯል። ስለዚህ በቅርብ ርቀት 147ቱ ከ115ቱ ትንሽ ከፍ ብሎ ይመታል። በ7 ያርድ ልዩነቱ የጣት ውፍረት ቢሆን ነው። አንተን ከመሀል እስከ ታች ጥግ የሚወስድህ እሱ አይደለም።

እንዲህ አድርግ። የዓመቱን ልምምድ በ115 ቀጥል። ርካሽ ነው፣ የትም ይገኛል፤ ብዙ መተኮስ ደግሞ ያስፈልግሃል። ፈተናው ሁለት ሦስት ሳምንት ሲቀረው ባለ 50 ሁለት ሳጥን 147 ግዛ። ሙሉ የመዳብ ልባስ ያለው የልምምድ ጥይት ይሁን፤ ለሥራ የሚሰጥህ አፉ ክፍት የሆነው ውድ ነው። ሆኖም ሽጉጥህ ያንን ሳይነክስ እንደሚያጎርስ ማወቅ ስላለብህ፣ መሥሪያ ቤትህን አስፈቅደህ አንድ ካዝና ተኩስበት። ከዚያ በፊት ክብደት አታቀያይር። በየሳምንቱ ሌላ ጥይት ከያዝክ ስህተቱ ከእጅህ ይሁን ከአረሩ አታውቅም። ስትገዛ ደግሞ ብረት ያለበት አረር እንዳይሆን ጠይቅ። ብዙ የቤት ውስጥ ማለማመጃዎች በር ላይ በማግኔት ይፈትሻሉ፤ ከሳበው ያስመልሱሃል።

ቤት የተሞላውን ጥይት አትውሰድ። እለምንሃለሁ። አባቴ ምንሽር ነበረው። ጥይቱን እንደ ገንዘብ ቆጥሮ በጨርቅ ያስቀምጥ ነበር፤ ከማያውቀው ሰው ግን አንዲት አይገዛም። እኔ እዚህ አገር መጥቼ ያንን ረሳሁ። አንድ ጊዜ ከማላውቀው ሻጭ አንድ ከረጢት ጥይት በርካሽ ገዛሁ። አሥረኛው ይሁን አሥራ አንደኛው ላይ እንደ ሁልጊዜው «ጧ» አላለም። «ፒፍ» አለ፣ እንደ ጠርሙስ ክዳን። እጄ ላይ ርግጫ የለም፤ ወረቀቱ ላይም አዲስ ቀዳዳ የለም። ጎኔ የነበረው ተቆጣጣሪ «አቁም!» ብሎ ጮኸ። ቀለሁ ውስጥ ባሩድ አልነበረም ወይም ጥቂት ነበር፤ አረሩ በርሜሉ መሀል ተቀርቅሯል። ቀጣዩን ብተኩስ ኖሮ በርሜሉ እጄ ላይ ይፈነዳ ነበር። በእንጨት ዘንግ መትተው ሲያወጡት ቆሜ አየሁ። ጉልበቴ ይንቀጠቀጥ ነበር። ባልደረባህ ጥንቁቅ ሰው ሊሆን ይችላል። ግን ሲሞላ አጠገቡ አልነበርክም። «ፒፍ» የሚል ድምፅ ከሰማህ የፋብሪካ ጥይት እንኳ ቢሆን አቁም፤ አፈሙዙን ወደ ኢላማው አድርገህ ተቆጣጣሪ ጥራ።

ሳትጠይቀኝ አንድ ልጨምር። ከተኩስ ስትወጣ እጅህና ፊትህ ላይ የእርሳስ ብናኝ አለ። ከአረሩም፣ ባሩዱን ከሚያቀጣጥለው የጥይቱ ቆብም ይወጣል። መኪናህ ውስጥ ሳትገባ በቀዝቃዛ ውኃና በሳሙና ታጠብ። ሳትታጠብ ቆሎም ቢሆን አትቅመስ። ትንሽ ልጅ ቤትህ ካለ ልብስህን ለብቻ እጠብ። ጫማህንም በር ላይ አውልቀህ ግባ፤ ልጅ ምንጣፍ ላይ ዳዴ ይላል፣ እጁንም አፉ ውስጥ ይከታል።