የጋሪ ፈረሴን ሌሊት ሆዱን ያመዋል

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። የምኖረው ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ሲሆን ቤተሰቤን የማስተዳድረው በአንድ የጋሪ ፈረስ ነው። በዚህ ወር ሁለት ጊዜ ሌሊቱን ሲተኛና ሲነሣ፣ ጎኑን ዞሮ ሲመለከትና ሆዱን በኋላ እግሩ ሲመታ አድሯል። ማታ ከሥራ ስንመለስ ፉርሽካና የማሽላ አገዳ ግቢው ውስጥ መሬት ላይ አፈስለታለሁ፤ ውኃ ግን ላቡ እስኪደርቅ አልሰጠውም። ጎረቤቶቼ ዘይት በጠርሙስ አጠጣው ይሉኛል። ምን ይመክሩኛል?

መልስ፦ የጻፉልን ምልክት የሆድ ቁርጠት ነው። ትልም፣ የተበላሸ ጥርስም፣ ድንገተኛ የመኖ ለውጥም ቁርጠት ያመጣሉ፤ በእርስዎ ፈረስ ግን እኔ አስቀድሜ የምጠረጥረው አሸዋ ነው። አሸዋማ በሆነው የድሬዳዋ መሬት ላይ ፉርሽካ ሲፈስ ፈረሱ የመጨረሻዋን ብናኝ በከንፈሩ እየለቀመ አሸዋውንም አብሮ ይውጣል፤ አሸዋውም ስለሚከብድ በትልቁ አንጀት ውስጥ ይዘቅጥና ከቀን ወደ ቀን እየተከማቸ አንጀቱን ያቆስላል፣ ሲብስም ይዘጋዋል።

ይህንን ቤትዎ ሆነው ማየት ይችላሉ። ጠዋት ትኩስ ፋንድያ፣ መሬት ካልነካው ከላይኛው በኩል አምስት ስድስት እንክብል ወስደው ነጭ ፌስታል ውስጥ ይክተቱ፤ ውኃ ጨምረው በደንብ ካሹት በኋላ ለሩብ ሰዓት ያህል ይስቀሉት። ከፌስታሉ ሥር አሸዋ ከዘቀጠ ጥርጣሬው ትክክል ነው። ምንም ባይታይ ግን ሆዱ ንጹሕ ነው ማለት አይደለምና ምርመራው በሌላ ቀን ይደገም።

መኖውን ከዛሬ ጀምሮ ከመሬት ያንሱት። የተቆረጠ በርሜል ወይም ከእንጨት የተሠራ ግርግም ይበቃል፤ ሥሩም ጆንያ ይነጠፍበት። የፈረስ አንጀት የሚሠራው በድርቆሽና በገለባ ስለሆነ፣ 250 ኪሎ ለሚመዝን ፈረስ በቀን ቢያንስ ከ4 እስከ 5 ኪሎ ደረቅ መኖ ያስፈልገዋል፤ አሸዋውን ገፍቶ የሚያወጣውም ይኸው ነው። ፉርሽካ ይቀንሱለት። ለጋ ወይም ከታጨደ በኋላ ያቆጠቆጠ ማሽላ መርዝ ሊኖረው ስለሚችል ፈጽሞ አይስጡት።

ስለ ውኃ የያዙት ልማድ ከአባቶች የመጣ መሆኑን አውቃለሁ፤ ነገር ግን በድሬዳዋ ሙቀት ሲሠራ የዋለን ፈረስ ውኃ መከልከል መኖው አንጀቱ ውስጥ እንዲደርቅና ቁርጠቱ እንዲብስ ያደርጋል። እንደ ደረሰ ያጠጡት፣ ቀን በሥራ መካከልም ያጠጡት። በሙቀት የሚሠራ ፈረስ በቀን ከሁለት ጀሪካን በላይ ሊጠጣ ይችላል።

ዘይቱን በጠርሙስ እንዳያጠጡት አጥብቄ እለምንዎታለሁ። አንገቱን ቀና አድርገው ሲያፈሱበት ዘይቱ ወደ ሳንባው ይገባና ከቁርጠቱ ሊድን የነበረው ፈረስ በሳንባ ምች ይሞታል። ዘይት የሚሰጠው ሐኪም በአፍንጫው በኩል እስከ ጨጓራው ቱቦ ካስገባ በኋላ ብቻ ነው።

ሕመሙ እንደገና ሲነሣ መኖውን ያርቁለት፤ ጸጥ ብሎ ከተኛ ይተዉት፣ ለመንከባለል ከሞከረ ግን ቀስ ብለው ያንሸራሽሩት። በመንጋጋው አጥንት ሥር ያለውን የደም ሥር በጣትዎ ዳስሰው ለአንድ ደቂቃ ይቁጠሩ፤ ጤነኛ ፈረስ ዐርፎ ሲቆም ከ28 እስከ 44 ይመታል። ቁጥሩ ከ60 ካለፈ፣ ድዱ ከጠቆረ ወይም ፋንድያ መጣሉን ካቆመ እስኪነጋ ሳይጠብቁ የእንስሳት ሐኪም ይጥሩ።