ፕሪንተርሽ ስንት ጥቁር አለው?

ጥያቄ፦ «ዘንድሮ ተመርቄያለሁ፤ የምኖረው ጅማ ነው። ቋሚ ሥራ እስካገኝ ቤቴ ሆኜ የሰዎችን የቆዩ የቤተሰብ ፎቶዎች በጥቁርና ነጭ እያተምኩ ለመሸጥ አስቤአለሁ። ያገለገለ ኤፕሰን ኤል 805 አግኝቻለሁ። አንዱ ክራክ የሆነ (ሳይከፈልበት መቆለፊያው የተሰበረ) ፎቶሾፕ ጫኚ ይለኛል፣ ሌላው ያለ ልዩ ሶፍትዌር ጥቁርና ነጭ አይወጣልሽም ይላል። የቱን ልያዝ?»

እህታችን፣ ከሶፍትዌሩ በፊት የቀለም ታንኮቹን ቁጠሪ። ኤል 805 ስድስት ቀለም ነው፦ ጥቁር፣ ሳያን፣ ማጀንታ፣ ቢጫ፣ ፈዛዛ ሳያን፣ ፈዛዛ ማጀንታ። ጥቁሩ አንድ ብቻ ነው፤ ግራጫ የለውም። በጥቁሩ ብቻ ሲያትም የፊት ብርሃናማ ክፍል ላይ ነጠብጣብ ይታያል። ባለቀለሞቹን ቀላቅሎ ሲያትም ደግሞ ልስላሴው ያምራል፣ ግን ግራጫው ወደ አረንጓዴ ወይም ወደ ሐምራዊ ይሳባል። ምንም ሶፍትዌር ታንክ ውስጥ የሌለ ግራጫ አይፈጥርም።

ስለዚህ ጂምፕ በሚባለው ነፃ የፎቶ ማስተካከያ ፕሮግራም ጀምሪ። ክራኩን ተዪው፤ ቫይረስ ከገባብሽ የደንበኛ ፎቶ ነው የሚጠፋው፣ እምነትም አብሮ ይሄዳል። 10 በ15 ሴንቲ ሜትር የሆነውን አሮጌ ፎቶ በ600 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች የሚገባ የነጥብ ብዛት) ስካን ብታደርጊው በ300 ዲፒአይ እስከ 20 በ30 ያትምልሻል። የታደሰው ፎቶ ባለቀለም ከሆነ ግን ዝም ብለሽ ቀለሙን አታጥፊ፤ ጂምፕ ውስጥ «ሞኖ ሚክሰር» ወደሚባለው መሣሪያ ገብተሽ ቀዩን 60፣ አረንጓዴውን 30፣ ሰማያዊውን 10 በመቶ አድርገሽ ሞክሪ። ቀዩ ሲጨምር የቆዳ ቀለም ይፈካል፣ ሰማያዊው ሲበዛ ጠባሳና ብጉር ይጎላል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ማተሙ ላይ ነው። ቀለሙን የፎቶ ፕሮግራሙም ድራይቨሩም (ኮምፒውተሩ ፕሪንተሩን የሚያዝበት ፕሮግራም) ሁለቱም ካስተካከሉት ህትመቱ ተበላሽቶ ይወጣል። በጂምፕ ከሆነ ፋይሉን ኤስአርጂቢ (የተለመደው የቀለም መለኪያ) ላይ አድርገሽ የቀረውን ለድራይቨሩ ተዪለት፤ የወረቀቱን ዓይነት ግን በትክክል ምረጪ። ማት (የማያብረቀርቅ) ወረቀት አስገብቶ ግሎሲ (የሚያብረቀርቅ) ብሎ ማዘዝ የቀለሙን መጠን ያዛባል።

ከዚያ ከነጭ እስከ ጥቁር በ5 በመቶ እያደገ የሚሄድ 21 ደረጃ ያለው ሰንጠረዥ ሥሪና አትሚ። 95ና 100 ካልተለዩ የጨለማው ክፍል ዝርዝር ጠፍቷል ማለት ነው፤ «ከርቭስ» በሚባለው የብርሃንና ጨለማ ማስተካከያ ኩርባ ጨለማውን ትንሽ አፍኪው። ሁሉም ነገር ከስክሪንሽ ጠቁሮ ከወጣ ጥፋቱ ብዙ ጊዜ የስክሪኑ ነው፤ ብርሃኑን ቀንሺ። ወረቀቱን በመስኮት ብርሃንም በአምፖልም እዪው፤ በአንዱ ግራጫ የመሰለው በሌላው አረንጓዴ ሊሆን ይችላል።

ይህን ሁሉ አድርገሽ ግራጫው ላይ ያለው አረንጓዴ ወይም ሐምራዊ መልክ አልለቅ ካለ፣ ያኔ ስለ ኳድቶን ሪፕ እናወራ። እያንዳንዱ ቀለም ምን ያህል እንደሚረጭ ራስሽ የምትወስኚበት፣ በዋናነት ለኤፕሰን የተሠራ ፕሮግራም ነው። ግን በዶላር ይከፈላል፣ የቀለሙን መጠን የሚወስኑትን ኩርባዎችም ለየወረቀቱ ማስተካከል አለብሽ። እኔ ያንን ገንዘብ መጀመሪያ ለጥሩ ወረቀት ነበር የማውለው።

ለፕሪንተሩ ከመክፈልሽ በፊት ሻጩ ፊትሽ ኖዝል ቼክ (የቀለም ቀዳዳዎቹ መደፈናቸውን የሚያሳይ የሙከራ ህትመት) ያትም፤ መስመሮቹ ከተቆራረጡ ዋጋ አስቀንሺ ወይም ተዪው። መብራት በሥራ መሃል ከጠፋ ቀለም የሚረጨው የፕሪንተሩ ጭንቅላት ክዳን ሳያገኝ ይቀራልና ይደርቃል። መብራቱ እንደተመለሰ ቶሎ አብሪው፣ ስትጨርሺም ከሶኬት ሳይሆን በራሱ ቁልፍ አጥፊው። በክረምት ወረቀቱን ከነፌስታሉ አሽገሽ አስቀምጪ፤ እርጥበት ከያዘ ይጠቀለልና የፕሪንተሩን ጭንቅላት ይነካል።

ሥራ ፍለጋውን በተመለከተ፣ አንድ ፎቶ በሦስት ወረቀት አትመሽ ከጀርባው የተጠቀምሽበትን ወረቀት፣ ቅንብርና ኩርባ ጻፊ። ፎቶ ቤት ስትገቢ ከሲቪሽ በፊት እሱን አሳዪ።