የድምፅ ምህንድስና ልትማሩ ነው? የሚክሰሩን ፎቶ ተዉት

ትልቅ ኮንሶል (የድምፅ ማቀላቀያ ጠረጴዛ) ፊት የተቀመጠ ተማሪ ፎቶ አይታችሁ የእናታችሁን ቤት አታሽጡ። በፎቶው ላይ የሚታየው አንድ ልጅ ነው፤ በኮንሶሉ የሚጠቀመው ግን መላው ክፍል ነው። ውጭ የምንኖረውም ጥፋት አለብን። ስለ ትምህርት ቤቱ አንዲት ጥያቄ ሳንጠይቅ «ና፣ እኔ ጋ ታርፋለህ» ብለን ልጅ እናስመጣለን።

1. ወረቀት። የባንክ ማስረጃ፣ ትራንስክሪፕት፣ የቋንቋ ፈተና፦ ዝርዝሩ ኤምባሲው ገጽ ላይ አለ፣ በጊዜ አሟሉ።

2. ከምረቃ በኋላ የሥራ ፈቃድ። ይህ ከትምህርት ቤቱ ስም በፊት ይጠየቅ። አሜሪካ ውስጥ የሙያ ትምህርት ቤት ከሆነ ቪዛው ኤም-1 ሊሆን ይችላል፤ ለአራት ወር ትምህርት የአንድ ወር የሥራ ልምምድ፣ ቢበዛ ስድስት ወር ብቻ ይሰጣል። እዚያው ሆኖ ወደ ኤፍ-1፣ ወደ መደበኛው የኮሌጅ ተማሪ ቪዛ፣ መቀየርም አይቻልም። በኤፍ-1 የተማረ ከምረቃ በኋላ 12 ወር መሥራት ይችላል። ለሳይንስና ቴክኖሎጂ ትምህርቶች የሚሰጠውን ተጨማሪ 24 ወር የሚወስነው አይ-20 (ትምህርት ቤቱ ለቪዛ የሚሰጠው ቅጽ) ላይ ያለው ባለ ስድስት አሃዝ የትምህርት ዘርፍ ኮድ ነው፦ 40.0809፣ አኮስቲክስ፣ ያስገኛል፤ 10.0203፣ የቀረጻ ሙያ፣ አያስገኝም። ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት ኮዱን በጽሑፍ ጠይቁ። ካናዳ ብዙዎቹ የድምፅ ትምህርት ቤቶች የግል የሙያ ኮሌጆች ናቸው፤ ከእነሱ የተመረቀ በአጠቃላይ የድኅረ ምረቃ የሥራ ፈቃድ አያገኝም። ብሪታኒያም ዲፕሎማ ብቻ አይበቃም፣ ዲግሪ ያስፈልጋል። ጀርመን የዴትሞልድ ሙዚቃ ዩኒቨርሲቲ ከ1949 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ቶንማይስተር፣ ሙዚቃንም ቴክኒክንም የሚያውቅ የቀረጻ ባለሙያ፣ ያሠለጥናል፤ የመንግሥት ተቋም ስለሆነ ክፍያው ቀላል ነው፤ ግን ትምህርቱ በጀርመንኛ ነው፣ መግቢያውም የጆሮ፣ የፒያኖና የመሣሪያ ፈተና አለው።

3. የስቱዲዮ ሰዓት። ለትምህርት ቤቱ ይህን ጻፉ፦ አንድ ተማሪ በሳምንት ስንት ሰዓት ብቻውን ስቱዲዮ ይይዛል? ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ላይ የሚሰጥ ተራም ይቆጠራል? በአንድ የቀረጻ ክፍለ ጊዜ ስንት ተማሪ ይገባል? በቁጥር የማይመልስ ትምህርት ቤት ይቅርባችሁ።

4. ጆሮ። እኔን የሚያንገበግበኝ ይህ ነው። ልጆቻችን ብዙ ሺህ ዶላር ከፍለው ተምረው ይመጡና የራሳችንን ድምፅ ያበላሹታል! ኦቶቲዩን የሚባለውን የድምፅ ማረሚያ ሶፍትዌር ይከፍቱና ክሮማቲክ (አሥራ ሁለቱም የፒያኖ ኖታዎች) ላይ ትተው የማረሚያ ፍጥነቱን ዜሮ ያደርጉታል። አንቺ ሆዬ በፒያኖው እኩል ክፍፍል ላይ በትክክል አይቀመጥም፤ ሶፍትዌሩ ግን ስህተት መስሎት ወደ ቅርቡ ኖታ ይጎትተዋል። የዘፋኙ ርግብግቢትም ደረጃ ደረጃ ሆኖ ይቆራረጣል። ማረም ካስፈለገ አንዲቷን የሳተች ኖታ በእጅ፣ ያውም በትንሹ።

በገና ሲቀረጽ ደግሞ የባሰ ይደረጋል። በአውታሩና በብርኩማው መካከል የሚገባው የቆዳ ቁራጭ፣ እንዚራው፣ ድምፁን እንዲነዝር የሚያደርገው ሆን ተብሎ ነው። ያልነገሩት መሐንዲስ «ኬብል ተበላሽቷል» ብሎ በድምፅ ማጽጃ ይጠርገዋል። የቀረው በገና አይደለም! ከበሮም ሁለት ፊት አለው። በሁለት ማይክ ስትቀርጹ የአንዱን ፖላሪቲ (የሞገዱን መደመርና መቀነስ አቅጣጫ) ገልብጣችሁ አወዳድሩ፤ አንዱ ፊት ወደ ውስጥ ሲገባ ሌላው ወደ ውጭ ስለሚወጣ ሁለቱ ተጣፍተው ባሱ ይከሳል። መሲንቆን ደግሞ ማይክ በጣም አታስጠጉት፣ የደጋኑ ጭረት ይውጠዋል፤ ከ30 እስከ 40 ሳንቲ ሜትር ርቀት ጀምሩና ከቆዳው ፊት ትንሽ ወደ ጎን አዙሩ።

ስለዚህ ትምህርት ቤቱን «የጆሮ ሥልጠና በየሴሚስተሩ አለ ወይስ አንድ ኮርስ ብቻ? ከምዕራቡ ስኬል ውጭ ያለ ሙዚቃ ትቀርጻላችሁ?» በሉት። ያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ወይም ሰንበት ትምህርት ቤት ያለፈ ልጅ ካላችሁ፣ ቅኝቶቹን ለይቶ የሚያውቅ ጆሮ ይዟል፤ ያንን «እዚያ አይጠቅምም» እያላችሁ አታስጥሉት።

ለማመልከቻ ከምትልኩት ሥራ አንዱ ከእነዚህ መሣሪያዎች የአንዱ ቀረጻ ይሁን፦ 24 ቢት፣ 48 ኪሎኸርዝ፣ ጸጥ ያለ ክፍል፣ ያልተነካውና ሚክስ የተደረገው ሁለቱም፣ ከግማሽ ገጽ የማይበልጥ የማይክ አቀማመጥ ማብራሪያ ጋር።