«ሆዱን ጠረጴዛ ላይ ተጭኖ ያለቅሳል»

ጥያቄ፦ ሰላም ሲስተር፣ የምጽፍልዎ ከቱሉ ዲምቱ ነው። ወንድ ልጄ አራት ዓመቱ ነው፤ ኦቲዝም እንዳለበት አምና ተነግሮናል፣ አይናገርም። አራት አምስት ቀን ካካ ሳይለው ይቆይና ከዚያ ዳይፐሩ ላይ ቀጭን ነገር ሲንጠባጠብበት ይውላል። ሆዱን ጠረጴዛ ጠርዝ ላይ ተጭኖ ያለቅሳል፣ እጁን ይነክሳል፣ ሌሊት ይነሳል። የሚበላው ነጭ ዳቦ፣ ፓስታና ወተት ብቻ ነው። አንድ ክሊኒክ የተቅማጥ ማስታገሻ ሰጠን፤ ሌላው «ኦቲዝም ያለባቸው እንዲህ ናቸው» አለን። ጎረቤቶቼ ደግሞ ስንዴና ወተት ከከለከልሽው ኦቲዝሙም ይለቀዋል ይሉኛል። ምን ላድርግ?

መልስ፦ እህቴ፣ «እንዲህ ናቸው» የተባልሽውን አትቀበዪው። መናገር የማይችል ልጅ ሆዱን ጠርዝ ላይ ሲጫን አመመኝ እያለሽ ነው። የሆድ ድርቀት ኦቲዝም ባለባቸው ልጆች ላይ ከሌሎቹ ይበዛል፤ ግን ይታከማል። ሆዱ ሲቀለው እንቅልፉና ንክሻው የሚሻለው ብዙ ልጅ አለ።

የጻፍሽልኝ ቀጭን ነገር ተቅማጥ ላይሆን ይችላል። ሰገራው የአንጀቱ መጨረሻ ላይ ሲከማች ውሃው እየተመጠጠ ይደርቃል፣ አንጀቱም ይለጠጣል፤ ከበላይ ያለው ለስላሳው ደግሞ በደረቁ ዙሪያ እየሾለከ ዳይፐር ላይ ይወርዳል። እንዲህ ከሆነ የተቅማጥ ማስታገሻ የበለጠ ያደርቀዋል፤ ስለዚህ ማስታገሻውን አቁሚና ሆዱን በእጁ የሚዳስስ የሕፃናት ሐኪም ዘንድ ውሰጂው።

ካካ ሲል አንዴ ያመመው ልጅ ደግሞ በሚቀጥለው ጊዜ ሰገራውን ይይዘዋል። እግሮቹን አጣብቆ፣ በጣቶቹ ቆሞ፣ ፊቱ እስኪቀላ ጥግ ይዞ ይቆማል። እናቶች እያማጠ ነው ይላሉ፤ እሱ ግን እንዳይወጣ እየያዘ ነው። በጣት መቆም ኦቲዝም ባለባቸው ልጆች የተለመደ ስለሆነ ማንም ከሆድ ጋር አያይዞ አያየውም። አንቺ እዪው።

ሐኪሙ ማክሮጎል የሚባለውን ዱቄት ወይም ላክቱሎስ ሽሮፕ ሊያዝለት ይችላል። ሁለቱም ሰገራው ውስጥ ውሃ ይዘው ያለሰልሱታል እንጂ አንጀትን አያሰንፉም። «ይለምድበታል» እያሉ መጀመሪያ የተሻለው ሳምንት ላይ የሚያቆሙት እናቶች ያሳዝኑኛል፤ የተለጠጠ አንጀት ወደ ቦታው ለመመለስ ወራት ይፈልጋል፣ ድርቀቱም ወዲያው ይመለስባቸዋል። መጠኑን ሐኪሙ እንጂ ጎረቤት አይወስንም። ሳሙና በፊንጢጣ መክተት፣ የጉሎ ዘይት፣ ኮሶ፦ አንዱንም አታድርጊ።

ሽንት ቤቱን ደግሞ በእሱ ዓይን እዪው። የኮንዶሚኒየም መቀመጫ ከፍ ያለ ነው፣ እግሩ ይንጠለጠላል፣ የውሃው ድምፅ ያስደነግጠዋል፤ ውሃ በፈረቃ ሲሆንማ የባልዲውም ጩኸት አለ። ፖፖ ይሻለዋል፤ መቀመጫው ላይ ከተቀመጠ ግን እግሩ በርጩማ ላይ ይረፍ። ምግብ ሲገባ አንጀት ስለሚነቃ፣ ከቁርስና ከእራት በኋላ ለአምስት ደቂቃ ያህል አስቀምጪው፤ የሚወደውን መጫወቻ ለዚያ ሰዓት ብቻ አቆዪለት። ባይወጣውም አትቆጪው።

ምግቡን በግድ አትለውጪ፤ ከሚበላው ተነሺ። ዳቦውን ቤት ከጋገርሽ ቅርጹን ሳትቀይሪ ያልተነፋ ዱቄት በትንሽ በትንሹ ጨምሪበት። ወተቱ በቀን ከግማሽ ሊትር ካለፈ ቀንሺው፤ ሆዱን ሞልቶ ሌላ አያስበላውም። ከሚጠጣው ላይ ጥቂት በሶ መበጥበጥ ይቻላል። የሚንኮሻኮሽ ነገር ከወደደ ድርቆሽ ሞክሪ፤ ጤፍ ፋይበር አለው። ፓፓያና ተልባም ጥሩ ናቸው፤ ተልባ ግን ያለ በቂ ውሃ ይባስ ያደርቃል። አዲስ ምግብ ሳይነካው ሳህኑ ጠርዝ ላይ ደጋግሞ ቢያየው እንኳ መንገድ ነው።

ስንዴና ወተት ስለመከልከል፦ ይህ ኦቲዝምን እንደሚያስለቅቅ በጥናት አልተረጋገጠም። ከሦስት ምግቡ ሦስቱም ስንዴና ወተት ሆነው ሳለ ብትከለክዪው ምን ይበላል? ሴሊያክ የሚባለው የስንዴ አለመስማማት ከተጠረጠረ የደም ምርመራ አለ፤ ምርመራው የሚያሳየው ግን ልጁ ስንዴ እየበላ ከተመረመረ ነው፣ ስለዚህ አስቀድመሽ አታቁሚ። የወተት አለርጂ ድርቀት የሚያመጣባቸው ልጆች አሉ፤ እሱም በሐኪም ክትትል ለተወሰነ ጊዜ ይሞከራል። ክትባትን፣ አንጀትንና ኦቲዝምን ያያያዘው፣ ላንሴት በሚባለው የሕክምና መጽሔት በ1998 (በፈረንጆች) የወጣው ጽሑፍ በ2010 ከመጽሔቱ ተሰርዟል፤ ስለዚህ ማንም በዚያ አያስፈራሽ።

ሰገራው ላይ ደም፣ አረንጓዴ ትውከት፣ የተነፋና የጠጠረ ሆድ፣ ከትኩሳት ጋር የሆነ ሕመም ካየሽ ሳታድሪ ሆስፒታል ውሰጂው። ክብደቱ እየቀነሰ ከሆነ ወይም ድርቀቱ ከተወለደ ጀምሮ የነበረ ከሆነ ይህንን ለሐኪሙ ሳትረሺ ንገሪ።

ለቀጠሮው ካካ ያለባቸውን ቀኖች፣ የበላውንና ሌሊት የተነሳበትን ሰዓት ደብተር ላይ ጻፊ። ጠረጴዛው ላይ ሲጫን ደግሞ በስልክሽ ቅረጪው፤ ሐኪሙ ክፍል ውስጥ ልጁ ያንን ላያደርገው ይችላል።